ፀሐይ የበላው የቆዳ ሶፋ፦ ከቀለሙ በፊት መስኮቱ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ከ6 ዓመት በፊት የገዛነው ጥቁር ቡናማ የቆዳ ሶፋ አለን። ባለ 3 መቀመጫው ጀርባውን ለትልቁ መስኮት ሰጥቶ ነው የተቀመጠው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ታገኘዋለች። አሁን የግራ ክንዱና የጀርባው አናት የገለባ መልክ ይዟል። ሲነኩት ደረቅ ይላል፤ ግን አልተቀደደም። ወንድሜ የጫማ ቀለም ቀቢው አለኝ። ጎረቤቴ በወይራ ዘይት እሺው ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ እንሽጠውና ይገላግለን ብሏል። ቀለሙ ይመለሳል? ሁለተኛ እንዳይደርስበትስ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሶፋውን አይሽጡት። ካልተቀደደና ካልተላጠ የሚድን ነው። የጫማ ቀለሙንም የወይራ ዘይቱንም ለጊዜው ያቆዩልኝ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ልበልዎት። ሶፋው ከመነካቱ በፊት መስኮቱ መፍትሔ ያግኝ። ቆንጆ ሆኖ ተቀብቶ የወጣ ሶፋ እዚያው መስኮት ሥር ተመልሶ ሲቀመጥና እንደገና ነጥቶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቆዳውም ሁለት ጊዜ ይፈተጋል፤ ያንን ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይችልም።

ፀሐይዋ በቆዳው ላይ ምን እንደሠራች ላስረዳ። ቀለም ማለት ብርሃን የሚውጥ ጥቃቅን ነገር ነው። የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይ አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታየው ጨረር፣ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሆኖ ያንን ቀለም ይሰብረዋል። የተሰበረ ቀለም ብርሃን መዋጥ ያቆማል። ለዓይናችን ደግሞ የነጣ ይመስላል። ስለዚህ ቀለሙ ወደ ውስጥ አልገባም፤ በቆሻሻም አልተሸፈነም። ጠፍቷል። ብዙ ሰው «ጥሩ ክሬም ብቀባው ይመለስ ይሆን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ክሬም ቆዳን ያለሰልሳል። የጠፋ ቀለም ግን አይመልስም። ሲቀቡት ለጥቂት ሰዓት የሚጠቁረው ስለረጠበ ነው። ሲደርቅ ገለባው ተመልሶ ይመጣል።

ቡናማው ለምን ወደ ገለባ እንደሄደም ቢያውቁት ጥሩ ነው። ቡናማ አንድ ቀለም አይደለም። ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ወይም ሰማያዊ ተቀላቅለው ነው የሚወጣው። ሁሉም ለብርሃን እኩል አይጸኑም። አንዱ ቀድሞ ሲሞት የቀሩት መልካቸውን ያወጣሉ። ለዚህ ነው አንዱ ቡናማ ሶፋ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ፣ የእርስዎ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያዘነብለው።

«መስኮቱ እኮ ዝግ ነው፤ መስታወት አለው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ተራ የመስኮት መስታወት የሰው ቆዳ የሚያቃጥለውን ዩቪቢ የተባለውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ዩቪኤ የሚባለውን ግን በብዛት ያሳልፈዋል። ስለዚህ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፊትዎ ላይቃጠል ይችላል፤ ሶፋዎ ግን እየተበላ ነው። በዚያ ላይ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ የሚወርደው ጨረር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ይህን አናስተውለውም። ሙቀቱ ሳይሰማን ጨረሩ ሥራውን ይሠራል። ደመናም ሙሉ መከላከያ አይደለም፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

እስቲ አሁን ወደ መስኮቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ መገባደጃ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ጊዜያት በእኩለ ቀን በመስኮት የሚገባ ፀሐይ የለም ማለት ይቻላል። በበጋ ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ እንኳን ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ይገባዋል። ሰማዩም ያኔ ጥርት ያለ ነው። ወደ ሰሜን የሚያየው ከሁሉም ይሻላል። ፀሐይ ወደዚያ የምትዞረው በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ክረምት ነው፤ እሷም ከፍ ብላ ነው የምታልፈው።

ከባዱ ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የእርስዎ ምዕራብ ይመስለኛል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ትልና እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብላ ቤት ውስጥ ትገባለች። ይህ ዓመቱን ሙሉ ነው። በረንዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ ቢኖርም ብዙ አይረዳም፤ ፀሐይዋ ከሥሩ ነው የምትገባው። ጥላ ከላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት ነው የሚያስፈልግዎት።

አንድ እሑድ ይህን ያድርጉ። ፀሐይ መግባት ስትጀምር የብርሃኑ ጫፍ ወለሉ ላይ የት እንደደረሰ በፕላስተር ቁራጭ ምልክት ያድርጉ። በየሰዓቱ ይድገሙት። ሶፋው ላይ የሚያርፈውንም ልብ ይበሉ። ማታ ላይ ፀሐይ የምትደርስበት ካርታ በእጅዎ ይኖራል። ከስድስት ወር በኋላ አንዴ ይድገሙት፤ ይለወጣልና። ሶፋውን ከዚያ ካርታ ማውጣት ከቻሉ የመከላከሉን ሥራ ግማሽ ያለ አንዳች ወጪ ጨረሱ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሶፋውን ወደ ጎንኛው ግድግዳ ማዞር ብቻ ይበቃል።

ማውጣት ካልተቻለ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ፊልም አለ። መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ነው፤ ለቤት የሚሆነው ግን የግድ ጥቁር መሆን አያስፈልገውም። ጥርት ያለ ሆኖ አልትራቫዮሌቱን እስከ 99 በመቶ የሚያስቀር አለ። ሲገዙ «ጥቁረቱ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁ። «አልትራቫዮሌት ስንት በመቶ ያስቀራል?» ብለው ይጠይቁ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ። የጠቆረ ፊልም ሁሉ ጨረር የሚከለክል ይመስለናል። ሁለቱ ለየብቻ ነገሮች ናቸው። ፊልሙም ቢሆን ንጣቱን ያዘገያል እንጂ አያቆመውም። የሚታየው ብርሃንና ሙቀቱም ቀለም ይጎዳሉ። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ስስ መጋረጃ ይጨምሩ። ከ9 ሰዓት እስክትጠልቅ መጋረጃው ይዘጋ። ሰው ቤት ከሌለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወፍራሙ ይዘጋ። ሥራ ቦታ ውለው ማታ የሚገቡ ሰዎች ሶፋ ከሌላው ቀድሞ የሚነጣው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ቀን መጋረጃ የሚዘጋለት የለም።

ስለ መሸፈኛም ልናገር። ጋቢ ወይም የጥጥ አንሶላ ጥሩ ነው፤ ቆዳው ይተነፍሳል። ፕላስቲክ አይሁን። ፕላስቲክ ሙቀትና እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ዳንቴል ደግሞ ልዩ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ባለ አንድ መቀመጫ ወንበር መጣልኝ። ከጀርባው ላይ ዓመታት የኖረ ዳንቴል ነበር። ሲያነሡት የዳንቴሉ አበባ ከነቅጠሉ ቆዳው ላይ ታትሞ ተገኘ። ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ገብታ ነጭ አድርጋዋለች፤ ክሩ የጋረደው ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። እናትየው እጅ ሥራው የልጃቸው ስለነበር እንዳለ ይቅር አሉኝ። እኔም አልነካሁትም። ለሌላው ሰው ግን ምክሬ መሸፈኛው ሙሉ ይሁን፣ በየሳምንቱም ይነሣና ይራገፍ የሚል ነው። ግማሹን ብቻ የሸፈነ ጨርቅ ጥርት ያለ መስመር አስምሮ ይተዋል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ። የብራና መጻሕፍት የቆዳ ልባስ አላቸው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ማኅደር ይገባሉ። ማኅደሩ ከቆዳ ተሰፍቶ የሚንጠለጠል መያዣ ነው። ማኅደሩ ያረጃል፣ ይፈተጋል፣ አቧራውንም ብርሃኑንም ይቀበላል። ውስጥ ያለው መጽሐፍ ግን ልባሱ ጥልቅ ቀይ ቡኒ እንደሆነ ይቆያል።

ወደ ሶፋው እንመለስ። አሁን መልስ የሚፈልገው ጥያቄ «ሶፋው በእውነት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ገበያ ላይ ሁሉም «ሌዘር» ይባላል። እውነተኛ ቆዳም፣ ሰው ሠራሹም፣ የቆዳ ፍርፋሪ ተጣብቆ የተሠራውም ሌዘር ነው። አንዳንድ ሶፋ መቀመጫውና ክንዱ ቆዳ ሆኖ ጎንና ጀርባው ሰው ሠራሽ ይሆናል። ሲገዙት አንድ መልክ ነበረው። ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ግን ቆዳው በአንድ በኩል፣ ሰው ሠራሹ በሌላ በኩል ይሄዳል።

የትራሱን ዚፕ ይክፈቱና ከውስጥ ይዩት። የቆዳ ጀርባ ጸጉራም ነው፤ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ሰው ሠራሹ ግን ከጀርባው የተሸመነ ጨርቅ አለው። በክብሪት አቃጥሎ ማሽተት የሚባለውን ይተዉት። ቀጥሎ ከማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከታች በኩል፣ አንድ ጠብታ ውኃ ያኑሩ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ቆዳው በላዩ የቀለም ሽፋን አለው። ቶሎ ሰምጦ ቦታውን ካጠቆረው ሽፋን የሌለው፣ ቀለሙ ቆዳው ውስጥ የገባ ነው። ይህን በሙያው አኒሊን እንለዋለን። አኒሊን ሲነካ ከሁሉም ይጥማል፤ ለፀሐይ ግን ከሁሉም ደካማ ነው። በአውሮፓ የፈርኒቸር ቆዳ መለኪያ የብርሃን ጽናት ከ1 እስከ 8 ይመደባል። ሽፋን ያለው ቆዳ ቢያንስ 5 ይጠየቃል፤ አኒሊን 3 ካገኘ ያልፋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ እጥፍ ያህል ብርሃን ይችላል። ከ3 ወደ 5 ማለት አራት እጥፍ ያህል ነው። ወደፊት ፀሐይ ላለበት ቤት የሚገዛ ሰው ካለ ሽፋን ያለውን ይምረጥ።

የእርስዎ ጥቁር ቡናማ ሶፋ፣ 6 ዓመት ያገለገለ፣ ሽፋን ያለው ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና አንድ ነገር ልጠንቀቅ። ፀሐይ የመታው ቦታ ላይ ሽፋኑ ስለሚሳሳ ውኃ ሊመጥ ይችላል። ስለዚህ የጠብታውን ሙከራ ፀሐይ ካላገኘው ቦታ ያድርጉ።

የተላጠ፣ እንደ ቅርፊት የሚነሣ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ወይም ከቆዳ ፍርፋሪ የተሠራ ነው። እሱ በቀለም አይድንም። የላይኛው ፕላስቲክ ራሱ ከጨርቁ እየተለየ ስለሆነ የተቀባው ቀለም አብሮ ይረግፋል። ያኔ ገንዘብዎን ለአዲስ ልባስ ያቆዩት።

የጫማ ቀለሙን ለምን እንዳስቆምኩ ልንገርዎ። የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ነው። ጫማ ላይ ማንም አይቀመጥም። ሶፋ ላይ ግን ነጭ ቀሚስ የለበሰ እንግዳ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ልብሱ ላይ ያድራል። ከዚያ የባሰው ሰሙ ነው። በኋላ ትክክለኛው ቀለም ሲቀባ ሰሙ ላይ አይያዝም። የወይራ ዘይት፣ ቅቤ፣ የጸጉር ቅባትና ቫዝሊንም እንዲሁ። ዘይቱ ይሰምጣል፣ ቦታውን ያጠቁራል፣ አቧራ ይስባል፣ ሲቆይም ይሸታል። በዘይት የታሸ ሶፋ ሲመጣልኝ ከቀለሙ ሥራ ይልቅ ዘይቱን ማውጣት ነው የሚያደክመኝ። በረኪና፣ ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ደግሞ ጨርሶ አጠገቡ አይድረሱ። ቀሪውን ሽፋን ይዘውት ይሄዳሉ።

አሁን ጥገናው። የነጣው ትንሽ ከሆነና ቆዳው ለስላሳ ከሆነ፣ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ባለ ቀለም ክሬም አለ። ይህ ከማለስለሻ ክሬም ይለያል፤ በውስጡ ማቅለሚያ አለው። በስፖንጅ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል፣ እንደገና መቀባት ነው። ሦስት አራት ዙር ይፈልጋል። እቤት ውስጥ ማንም ሊሠራው ይችላል። ግን የሚሠራው ለደበዘዘ ቀለም ነው። ጥቁር ቡናማ ወደ ገለባ ከሄደ በኋላ ክሬሙ ብቻውን ይበቃል ብዬ አልዋሽዎትም።

የእርስዎ ሶፋ የሚፈልገው በውኃ የሚበጠበጥ የቆዳ ቀለምና መጨረሻ ላይ የሚደረብ ጥርት ያለ መከላከያ ነው። አሠራሩን ዝርዝር አድርጌ እነግርዎታለሁ። ራስዎ ባይሠሩት እንኳን የሚሠራው ሰው አሳጥሮ እንዳያልፍዎ ይጠቅምዎታል።

ማጽዳት ይቀድማል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት የሕፃን ሻምፑ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በደንብ የተጨመቀ። ጨርቁ ያርጥብ እንጂ አያንጠባጥብ። ላርጎና ኦሞ ይቅሩ። እነዚህ ቅባት ለማውጣት የተሠሩ ስለሆኑ ቆዳውን ያደርቁታል። የእኛ ቤት ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ነው። ከሰሉና ዕጣኑ የሚተዉት ጭስ ቆዳው ላይ ዓይን የማያየው ቅባት ሆኖ ይቀመጣል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለፍ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ቀጥሎ ቀለም የሚቀባውን ቦታ ብቻ በአልኮል በነካ ጨርቅ ፈጠን ብሎ መጥረግ። ይህ የቀረውን ቅባት ያነሣል። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ነጭ ወንበር ተቀበልኩ። ቸኩዬ ነበር፤ የራስ መደገፊያውን በውኃ ብቻ ጠርጌ ቀባሁት። ሲወጣ ያምር ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ጭንቅላት የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የጸጉር ቅባት ሳላወጣ ቀብቼበት ነው። ወንበሩን ያለ ክፍያ ደግሜ ሠራሁት። ሰውየው በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክንድና ራስ የሚነካውን ቦታ ሁለት ጊዜ ሳልጠርግ ቀለም አልከፈትኩም።

ከዚያ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ800 እስከ 1,000 ቁጥር፣ በቀላሉ ማሳለፍ። ዓላማው መፋቅ አይደለም፤ ቀለሙ እንዲይዝ ላዩን በጥቂቱ ማሻከር ነው። ቀጫጭን ስንጥቅ ካለ ለቆዳ የተሠራ ተጣጣፊ መሙያ ይገባበታል። የመኪና ስቱኮ ግን ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ይሰነጠቃል። በዚሁ ምክንያት የመኪና ቀለም በስፕሬይ የሚረጩትን እሸሻለሁ። ብረት አይታጠፍም፤ ቆዳ በቀን ሃያ ጊዜ ይታጠፋል።

ቀለም ማዛመድ የሙያው ልብ ነው። መነሻው የነጣው ቦታ አይደለም። በትራሱ ሥር ወይም በዚፑ ውስጥ ፀሐይ ያላየው ቆዳ አለ። የሶፋው የልጅነት መልክ እሱ ነው። ቀለሙ በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን ይደባለቅ። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ትንሽ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ አስተያይቶ ነው የሚወሰነው። አንዳንድ ቀን ለአንድ ቡናማ ግማሽ ቀን እቆማለሁ። አንዲት ጠብታ ጥቁር በዝታ ሁሉን እንደ አዲስ ያስጀምራል።

እዚህ ላይ ደንበኛ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝን ልመልስ። «የነጣችውን ቦታ ብቻ ንካት» ይሉኛል። አይሆንም። ቀለም የሚቀባው ከስፌት እስከ ስፌት ነው። መሐል ላይ የቆመ ቀለም ጠርዙ ይታያል፤ ማጣፈያ መስሎ ይቀራል። የእርስዎ የግራ ክንድ ሙሉውን፣ የጀርባው አናት ደግሞ ከጫፍ ጫፍ ይቀባል። ያኔ ዓይን ልዩነቱን ቢያገኝ እንኳን የስፌቱ ጥላ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ከጎኑ ያለውን መቀመጫም በስሱ መንካት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀለም በስፖንጅ ይታሻል፤ ወደ ቆዳው ስንጥቅና ቀዳዳ እንዲገባ ነው። ሲደርቅ ከኮምፕሬሰር ጋር በሚሠራ ትንሽ ስፕሬይ ሦስት አራት ጊዜ ስስ ስስ እያደረጉ መደረብ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መጨረስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ወፍራም ቀለም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ጥርት ያለው መከላከያ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደረባል። ይህ ካልተደረበ ቀለሙ በወር ውስጥ ከልብስ ጋር እየተፋተገ ይሄዳል። የሚያብረቀርቅም ፈዘዝ ያለም አለ። ከሶፋው ቀሪ ክፍል ጋር የሚመሳሰለውን ይጠይቁ። ቀለሙ ተስማምቶ ብልጭታው ካልተስማማ ሶፋው ሁለት ዓይነት ይመስላል።

ሲያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት። እኔ ሁለት ሦስት ቀን ብዬ ነው የምመልሰው። ለሁለት ሳምንት በውኃ አይጠረግ።

አኒሊን ሆኖ ከተገኘ መንገዱ ይለያል። ሽፋን ያለው ቀለም ከተቀባ ያ ለስላሳ ስሜቱ ይቀንሳል፤ ግን ለፀሐይ ይጠነክራል። ምርጫው የባለቤቱ ነው። እኔ መስኮቱ ካልተስተካከለ ሽፋን እንዲቀባ እመክራለሁ።

ከጥገናው በኋላ ያለው እንክብካቤ ብዙ አይደለም። በየሳምንቱ ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለቆዳ የተሠራ ማለስለሻ ክሬም፤ አንዱ ኅዳር ላይ ይሁን። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ይደርቃል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል፣ ቆዳው የያዘውን እርጥበት ያጣል። ክሬሙ አይብዛ። ትራሶቹ የሚነሡ ከሆነ በወር አንዴ ቦታ ይቀያይሯቸው፤ ቢነጡ እንኳን እኩል ይነጣሉ። ቡና ስታፈሉ ማንደጃው ከሶፋው አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። የእሳት ሙቀት ቆዳውን ያደርቃል፤ አንዳንዴም ያኮማትራል፤ የተኮማተረ ቆዳ ደግሞ አይመለስም።

ባለሙያ ከጠሩ ሦስት ነገር ይጠይቁት። ቀለሙ የምን ነው? ለቆዳ የተሠራ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ካላለዎት ይለፉት። ከመቀባቱ በፊት ቅባቱን በምን ያወጣዋል? መጨረሻ ላይ ምን ይደርብበታል? ከዚያ ከሶፋው ሥር በማይታይ ቦታ የእጅ መዳፍ የምታክል ሞክሮ ያሳይዎት። ሁለት ቀን ይጠብቁ። ቦታውን በጣትዎ እጥፍ ዘርጋ ያድርጉት፣ በነጭ እርጥብ ጨርቅም ይሹት። ካልተሰነጠቀና ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ሥራውን ይስጡት።